የወጌሻዋ ወገብ

በይጁቤ ዙሪያ የብርጓል ያልዳሰሰችው አጥንት የለም ይባል ነበር። ትከሻው የወለቀ ገበሬ፣ ከበቅሎ የወደቀ ቄስ፣ ሁሉም ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ወጌሻነቱን ከአባቷ ወርሳ ሠላሳ ዓመት ሠርታበታለች።

በነሐሴ ከደብረ ማርቆስ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ በጭቃ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም። የብርጓልም በእግሯ ወጥታ የሌሎቹን ክንድና አንገት ስትዳስስ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ግን ከመቀመጫዋ ልትነሣ ስትል፣ ከወገቧ ተነሥቶ በግራ ጭኗ ቁልቁል እስከ አውራ ጣቷ የሚለበልብ ሕመም ያዛት። ጣቷን ብትቆነጥጠው አይሰማትም።

ሙያውን የምታስተምራት የእህቷ ልጅ ትንቢት ቅቤ አቅልጣ መጣች።

"ላሽዎት እንጂ፣ እንዳሳዩኝ አድርጌ።"

"ተይው።"

"ለምን?"

"ይሄ የአጥንት ነገር አይደለም። አጥንት ቢሆን አውቀው ነበር።"

እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር። በገዛ ወገቧ ላይ እጅ እንዲያርፍ አልደፈረችም።

ባሕር ዳር ወስደው ኤምአርአይ አስነሧት። ሐኪሙ ሥዕሉን እያሳየ፣ በአከርካሪዋ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ሾልኮ ነርቭ እንደተጫነ ነገራት። "ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግዎትም። እግርዎ እየዛለ ከሄደ ወይም ሽንት ካስቸገረዎት ግን በዚያው ቀን ይምጡ" አላት።

ከዚያ በደብረ ማርቆስ በየማክሰኞው ሶልያና የምትባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ መመላለስ ጀመረች። ሶልያና በደረቷ ታስተኛትና በክንዷ ተደግፋ ቀስ ብላ ቀና እንድትል ታደርጋታለች። 'ይሄም ሕክምና ሆኖ!' ትላለች የብርጓል በሆዷ። ሆኖም ሕመሙ ከእግሯ ወደ ጭኗ፣ ከጭኗ ወደ ዳሌዋ እየሸሸ መጣ።

አንድ ማክሰኞ፣ "እንዲህ ያለውን ሰው በኃይል ቢያሹትስ?" ስትል ጠየቀች።

"ሊብስበት ይችላል፣ እማማ። እግሩ ዝሎ የቀረ ሰው አይቻለሁ። የሚያሹት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ባለማወቅ ነው።"

"እኔ ወጌሻ ነኝ" አለች የብርጓል።

ይህን ስትል የምታስበው የአምበሩን ገበሬ አንለይን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈረበት አይሱዙ ተገልብጦ ወገቡን ተጎድቶ መጥቶ ነበር። ጉልበቷን ጀርባው ላይ አሳርፋ ስትጫነው፣ "እግሬን አልሰማውም!" ብሎ ጮኸ። "ደሙ እየተፍታታ ነው፣ ቻለው" አለችው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው።

በሳምንቱ አምበር ወረደች። አንለይ እንዳያት ምርኩዙን ይዞ ተነሣላት።

"ቁጭ በል" አለችው። "እግሬን አልሰማውም ስትለኝ፣ እኔም አንተን አልሰማሁህም። ያን ልነግርህ ነው የመጣሁ።"

"እኔማ የመኪናው ጣጣ ነው ስል ነበር የኖርሁት።"

"የመኪናው ይሁን የእኔ አላውቅም። ሐኪም ቤት ልልክህ ይገባ ነበር፤ አልላክሁህም።"

አንለይ ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ዕርፍ አልጨበጥሁም፣ እትዬ የብርጓል" አለ። እሷም ይቅር በለኝ ብላ አላስጨነቀችውም። ሶልያና የምትገኝበትን ቦታና ቀኑን ነግራው ወጣች።

ለሦስት ማክሰኞ አልመጣም። በአራተኛው መጣ። ነርቩ ከተጎዳ ስለቆየ እግሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ነገሩት፤ ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ ተሰጠው፣ እንቅስቃሴም ጀመረ። አግዳሚው ላይ ከየብርጓል ጎን ለጎን ተራ ሲጠብቁ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ያወራሉ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስተው አያውቁም።

የብርጓል ዛሬም የወለቀ ትከሻ ትመልሳለች። ወገቤን ብሎ የመጣውን ግን ወደ ሐኪም ቤት ትልካለች። አንዳንዱ "እጇ ደከመ" እያለ ወደ ሌላ ወጌሻ ይሄዳል፤ ትንቢትም በዚህ ትናደዳለች።

ሰኔ ሲገባ አንለይ በሬ ጠምዶ ግማሽ ቀን አረሰ። እሱ አልነገራትም፤ ገበያ ላይ ከአምበር ሰዎች ሰማችው።