ዘመናይን ያስወጣሁበት ጨዋታ

ስልኬ የጮኸው የቅርጫት ኳስ ቡድኔ ልጆች ለጨዋታ ሲያሟሙቁ ነው። ጌቱ ነበር፣ የዘመናይ አጎት፣ ከአማኑኤል ከተማ። «ብቻሽን ነሽ ወይ?» አለኝ ቀስ ብሎ። በስልክ እንዲህ ሲባል የሚከተለውን የማያውቅ ሰው የለም። ከልጆቹ ፈቀቅ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አባቷ ሙላት ሌሊቱን አርፏል፣ እህቴ። ልጅቱ እንዳትሰማ። መኪና ፈልገን እየመጣን ነው። ትንሽ አሞታል ብለን እንወስዳታለን፤ ቤት ስትደርስ ዘመድ ባለበት በወጉ ይነገራታል። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስክንደርስ አንቺ ጋ ትቆይ፤ አደራ።»

ዘመናይ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ እየለቀመች ከፋጢማ ጋር ትሳሳቃለች። ከቡድኑ ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት፤ ስትስቅ ደግሞ ጎንበስ ማለት ትወዳለች፣ ቁመቷን ለመደበቅ ይመስል።

አባቷን አውቃቸዋለሁ። ልጃቸው ኮሌጃችን የገባች ዓመት ትጫወትልኝ ብዬ ላስፈቅድ አማኑኤል ድረስ ሄጄ ነበር፤ እሳቸውም ሳላይ አልፈቅድም ብለው ደብረ ማርቆስ መጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ልምምዱን እስከ መጨረሻው አዩ። «ቅርጫቱ ታቹ ቀዳዳ ነው። ምን ሊጠራቀምበት ነው ይህ ሁሉ ልፋት?» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። «ትጫወት። በፈለግኳት ቀን ግን እንዳትይዥብኝ።» አልይዝብዎትም ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ለአጨዳም ለድግስም አንድ ቀን ፈልገዋት አያውቁም። ዛሬ ፈለጓት።

ለአቶ ገዳሙ መንገር ነበረብኝ። የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ናቸው። አዘኑ፤ ሐሰት አይነገርም፣ ከልባቸው አዘኑ። ቀጥለው ግን ሰዓታቸውን አዩ።

«መርዶ አፍ ላይ እንደ መጣ አይነገርም። ወጉ ራሱ ቆዩ ነው የሚለው። ትጫወት፤ ሲያልቅ ትሄዳለች።»

«ሲያልቅ ከሄደች ቀብሩ ላይ አትደርስም። ከአማኑኤል ወዲያ በእግር የሚኬድ መንገድ አለ።»

«ቀብር ትንሽ ይቆያል። ዋንጫው ካልመጣ ግን ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ ሥራነሽ።»

አውቃለሁ። ዋንጫ ካልመጣ የሴቶቹ ቡድን ይዘጋል፣ በጀቱም ወደ ወንዶቹ እግር ኳስ ይዞራል ተብሎ በስብሰባ ተወስኗል። ዕድሜዬን ያፈሰስኩበት ቡድን ነው። እኔ ስጀምር ሜዳው ላይ ገብስ ይሰጣ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቅርጫት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ያስቸነከርኩት እኔ ነኝ። የሰው ልጅ በቁምጣ ታስሮጣለች ብሎ ያማኝን ሁሉ አፉን ያስያዝኩት በሥራ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ሌላም አልፈለግኩም። ቡድኑ ከተዘጋ እኔም ተዘጋሁ ማለት ነው።

የዋንጫው ጨዋታ ስድስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ተጋጣሚዎቻችን ከደጀን የመጡ ናቸው፣ ፈጣኖች፣ ክርናቸውም የማይተኛ። ዘመናይን አስገባኋት። ጌቱ እስኪደርስ እኔ ጋ መቆየት አለባት፤ ያለ ምክንያት ወንበር ላይ ባስቀምጣት ደግሞ ምን ሆንኩ ትላለች። በዚህ ራሴን አሳመንኩ፤ ዓይኔ ግን አንዴ ሜዳው ላይ፣ አንዴ በሩ ላይ ነበር።

ልጅቱ እንደዚያ ቀን ተጫውታ አታውቅም። የተጣለውን ሁሉ ታነሳለች፣ ያነሳችውን ሁሉ ታስገባለች። ባስገባች ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብላ ትስቃለች። እኔም አጨበጭባለሁ። ዕረፍት ስንወጣ እየመራን ነበር። አቶ ገዳሙ በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ እጃቸውን መንጭቄ ባወርደው ደስ ባለኝ።

ከዕረፍት በኋላ ደጋፊው ዝም ማለት ጀመረ። ከአማኑኤል የመጡ ተማሪዎች ከላይ ተቀምጠዋል፣ ስልክ ደግሞ የሌለው የለም። መጀመሪያ አንዱ ጥግ ፀጥ አለ፣ ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ዘመናይ አስገባች፤ ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ፋጢማ አስገባች፤ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ዘመናይ እንደገና አስገባች፣ ያውም ሁለት ልጆች እላይዋ ላይ ተንጠልጥለው። ማንም አላጨበጨበም። ኳሱ መሬት ላይ ሲነጥር ተሰማኝ።

ቀና ብላ ደጋፊውን አየች። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘመናይ ወደ እኔ ሮጠች።

«ኮች፣ ሰዉ ምን ሆኗል?»

«ተጫወቺ።»

«እኮ ምን ሆኗል?»

«ወደ ቦታሽ ተመለሺ አልኩሽ።» ተመለሰች፤ ግን ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ጌቱ በበሩ ገባ። አክስቷ ወለተ ኢየሱስ አብራው አለች። ነጠላዋን እንደ ደህና ቀን ለብሳለች፤ እጇ ግን ጥለቱን ሊያዘቀዝቅ ይሄድና እንደገና ይመለሳል። አቶ ገዳሙ ቀድመው ደረሱባቸው። የሚሉትን ባልሰማም እጃቸው ወደ ሰሌዳው፣ ከዚያ ወደ ወንበር ሲያመለክት አየሁ። ጌቱ በሰው ግቢ ነውና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አክስቷ አልተቀመጠችም። እኔን እኔን ትመለከታለች።

ተናደድኩ። በገዳሙ ብቻ አይደለም፣ በራሴም፣ በዋንጫውም፣ በዚያ ታቹ ቀዳዳ በሆነው ቅርጫትም። ወጉ የወጣው ለልጅቱ ነው። ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ስትወድቅ የሚይዛት እንዲኖር። አሁን ግን ሜዳ መሃል ሆና፣ ከሰው ዝምታ፣ ለብቻዋ ልትሰማው ነው።

ቅያሪ ጠየቅኩ። «የብርጓል፣ ግቢ። ዘመናይ፣ ውጪ።»

ዘመናይ አላመነችም። እየተጎተተች መጣች። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«ታዲያ እየመራን? እኔን?»

ልነግራት አልችልም፤ አፌ የእኔ አልነበረም፣ የዘመዶቿ ነው። ፎጣ አቀበልኳት። ወስዳ እግሬ ሥር ወረወረችው።

«አባቴ አደራ ብሎ የሰጠዎት በሰው ፊት እንዲህ ሊያዋርዱኝ ነው?»

ፋጢማ ሜዳ ላይ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ጎንበስ ብዬ ፎጣውን አነሳሁና «አጎትሽ በር ላይ ነው፤ ሂጂ» አልኳት። ዞር ስትል ጌቱን አየችው። ጌቱ ፈገግ ሊልላት ሞከረ። አክስቷ እጇን ይዛ ወጣች፣ መኪናውም ሲነሳ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ነው ደጋፊው በአንድ ጊዜ የተነፈሰው።

የብርጓል የአቅሟን ያህል ታገለች፣ ጀማሪ ናት። ደጀኖቹ ቀስ በቀስ ደረሱብን፣ አለፉንም። የመጨረሻዋን ኳስ ፋጢማ ወረወረች፤ የቅርጫቱን ብረት መትታ ወጣች። በአንዲት ኳስ ተሸነፍን። አቶ ገዳሙ አልተቆጡም። «ሰኞ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ታመጪያለሽ» ብለውኝ ሄዱ። ወስጄ ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ ልጆቹን ይዤ ለቅሶ ደረስኩ። ከአማኑኤል ወዲያ በእግር ሄድን። ዘመናይ ጥቁር ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። ስታየኝ ተነሳች። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ መንገዱን ሙሉ ስፈራ ነበር።

«ደረስኩ፣ ኮች» አለችኝ። «አፈር ሳይለብስ ደረስኩ።» ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። እኔ በሰው ፊት የማላለቅስ ሴት ነኝ፤ አለቀስኩ።

ሕዝቡ ቀለል ሲል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ጨዋታውስ?»

ልጆቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ፋጢማ የሻርፗን ጫፍ ታፍተለትላለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ዋንጫው፣ ስለ ቡድኑ፣ ስለ ቁልፉ። ጉንጯ ላይ እንባዋ ገና አልደረቀም።

«ገና አልለየለትም» አልኳት። «ትንሽ የሚያነጋግር ነገር ነበረበት።»

ዘመናይ አንድ በአንድ አየችን፣ ያን ቀን ደጋፊውን ቀና ብላ እንዳየችው። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ለሁላችንም ቦታ ለቀቀች።

«መሽቷል፣ እዚሁ እደሩ» አለች። «ጠዋት፣ አክስቴም ባለችበት፣ በወጉ ትነግሩኛላችሁ።»