የሐጅ ቡሻራ ፊት

…አሁንም ጥቁር፣ ጥምጥሙ አለ፣ ጀለቢያው አለ፣ አባቷ ግን የለም፣ ሪሃብ የካሜራዋን መስኮት በመዳፏ ጋርዳ ታያለች፣ በጥምጥሙና በአንገትጌው መሃል የጠቆረ ነገር፣ ሐጅ ቡሻራ ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ላይ የወጣው እንዲህ ነው፣ አጎቷም እንዲሁ፣ ሲሞት ሳሎን የተሰቀለው ነጭ ጥምጥም ነው፣ ፊት የለውም፣ ልጆቹ ያንን እያዩ ያድጋሉ፣ አባቷንም እንዲህ ልትሰቅለው ነው? አይሆንም።

ካሜራውን ከገዛች ሁለት ወሯ ነው፣ አባቷም እሺ ያለው ለዛሬ ብቻ፣ ለዛሬ ብሎ ያለ የሌለ ነጩን ለብሶ፣ ካሜራው ያን ነጭ ሲያይ ይደነግጥና ሁሉንም ያጨልማል፣ ብርሃን ስትጨምር ፊቱ ብቅ ይላል፣ ጥምጥሙ ሰማዩ ውስጥ ይጠፋል። የኒም ዛፉ ሥር ለምን አስቀመጥሽው? ግን ሸንዲ ውስጥ የተከበረ ሰው ሌላ የት ይቀመጣል፣ የጠፍር አልጋውን ጎትታ ጥላው መሃል ያደረገችው ራሷ ናት፣ ቅጠሉ ያሳለፈው ፀሐይ ግንባሩ ላይ፣ አፍንጫው ላይ፣ ነብር አስመሰለችው። ሞኝ።

ልጄ፣ አበቃሽ? አላበቃሁም አባባ፣ ትንሽ። ትንሽ እያልሽ ረፈደ።

ከአጥሩ ውጪ ያለው ጠባብ መንገድ፣ በነሱ ግንብ በኩል ወጥ ጥላ፣ ፊት ለፊት የጎረቤታቸው የቡሰይና ግድግዳ፣ ትናንት ኖራ የተቀባ፣ ፀሐይ አርፎበት ብርሃኑን መልሶ ጥላው ውስጥ ያፈሰዋል፣ እዚያ የተኛችው ፍየል ሆዷ ሳይቀር በርቷል፣ እንዴት እስከዛሬ አላየችውም። እዚያ አባባ፣ እዚያ ተቀመጥልኝ።

የሰው በር ፊት ለፊት? ሐጅ ቡሻራ በዚያ በር ሲያልፍ እንኳ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው፣ ዞሮ ሴት ወደምትወጣበት ደጅ አፍጥጦ ሊቀመጥ፣ ተይው ልጄ፣ በቃ፣ ይላል፣ ጥምጥሙን ሊፈታ እጁን ያነሳል።

ከበሩ ኋላ የቡሰይና ድምፅ፣ ሐጅ ተቀመጥ፣ እስክትጨርሱ አልወጣም፣ ከወጣሁም ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ውበትህን እንዳልሰርቅ።

ይቀመጣል፣ ሳቁ እያመለጠው። የጥምጥሙን ብርሃን አትለኪ፣ የጉንጩን፣ ትላለች ለራሷ፣ ትጠጋለች፣ ካሜራውን በጉንጩ ቆዳ ትሞላለች፣ ብርሃኑን እዚያው ቆልፋ ወደ ኋላ ትላለች፣ ቀጭ።

ሱብሃነላህ።

በልጅነቱ የተበጡት ሦስቱ የጉንጩ ምልክቶች፣ እያንዳንዱ ከነጥላው፣ የጥምጥሙ እጥፋት አንዱም ሳይጠፋ፣ ዓይኑ ደግሞ ቡናማ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከአንድ ሳህን ስትበላ የአባቷ ዓይን ጥቁር ይመስላት ነበር፣ ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ነበር?

እስቲ አምጪው፣ ይላል፣ ካሜራውን ያርቃል፣ ያቀርባል። እናቴ፣ ይላል፣ ፎቶ ሳትነሳ ነው የሞተችው፣ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ፊቷ ጠፍቶብኛል፣ ስትስቅ ቁርጥ እሷን ነህ ይሉኝ ነበር፣ መስታወት ፊት ደግሞ ማን ይስቃል።

በአውራ ጣቱ የካሜራውን መስኮት ይዳብሳል። እንዲህ ነበረች።

ሪሃብ ካሜራውን ልትቀበለው እጇን አትዘረጋም፣ ይያዘው፣ ቡሰይና በሩን ትክፈት፣ መንገደኛ ይለፍ፣ ይያዘው፣