ምሳው የተረጎመው

ታናሽ ወንድሜን ምሳውን አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ልቆጥርበት አይደለም፤ ብቆጥርበትስ ማን ይከለክለኛል።

በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት አባታችን በአገራችን በደሃና ሲሞት ራስጌው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የወንዝ ዳሩን ማሳ ለእኔ መስጠቱን በአፉ ነገረኝ። የአገር ሽማግሌዎችም ቃሉን ከእኔው አፍ ሰምተው ሊያጸድቁልኝ ለእሑድ ተቀጣጠሩ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ከሰው ጥገኝነት የሚያወጣኝ ያ ማሳ ብቻ ነበር። በዚያው ሰሞን መንጋጋዬ ተቆለፈ። ጆሮዬ ሥር ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው መገጣጠሚያ ድርቅ ብሎ አፌ ጣት እንኳ አላስገባ አለ፤ ሕመሙ እስከ ጭንቅላቴ ይወጋኛል።

ምሳው በበቅሎ ሰቆጣ ወሰደኝ። ለጥቂት ወር ከሩቅ የመጣ የመንጋጋ ሐኪም አገኘን። ሐኪሙ የሚያውቀው አማርኛ፣ እኔ የማውቀው ኽምጣና፤ ምሳው ሁለቱንም ያቀላጥፈዋል። እኔ አማርኛውን የተማርኩት ከዚያ ወዲህ፣ በእልህ ነው። ሐኪሙ በመርፌ አደነዘዘኝና ሁለት ቀጫጭን መርፌ ጆሮዬ አጠገብ ሰክቶ መገጣጠሚያውን በጨው ውኃ አጠበው። ቢላ የለ፣ ስፌት የለ። አፌ ተከፈተ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ሐኪሙ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ምሳው አሳጥሮ ነገረኝ።

«እታለም፣ ወር ሙሉ አፍሽን እንዳትከፍቺ ብሏል። ከተናገርሽ ለዘላለሙ ይቆለፋል።»

ስለ እሑዱ በእጄ ጠየቅኩት። አፍሽ ሆኜ እሄድልሻለሁ አለ፤ እኔ ሞኟ እጁን ሳምኩት። ሄዶ ሲመለስ ነገሩ በሰላም አልቋል፣ አታስቢ አለኝ። አጥሚት በጥርሴ መሀል እየማግኩ ወሩን በዝምታ ጨረስኩ። ሲያልቅ አፌ አልከፈት አለ። ጎረቤት አላስቀምጠው ሲል ምሳው መልሶ ሰቆጣ ወሰደኝ።

ሐኪሙ ሲያየኝ ተቆጣ። ፊት ለፊቴ ቆሞ የራሱን አፍ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። ጣቴን ይዞ መንጋጋዬን እንዴት ወደ ታች እንደምገፋ አሳየኝ። በእጁ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ አመለከተኝ፤ በየቀኑ ማለቱ ነው። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ምሳው ግን እንዲህ እንዳታደርጊ ነው የሚልሽ አለኝ። ዓይኔን ሊያየኝ አልቻለም።

ሐኪሙ እንደ ፊተኛው አደንዝዞ፣ አጥቦ ሲከፍትልኝ የመጀመሪያ ቃሌ ለወንድሜ ሆነ።

«ለሽማግሌዎቹ ምን አልካቸው?»

«እኅቴ ማሳውን ለእኔ ትታልኛለች አልኩ። በስምሽ ምዬበታለሁ፤ አሁን አይፈርስም።»

የማውቀውን እርግማን ሁሉ በኽምጣና አወረድኩበት። ያጎረሰውን እጄን ሳይቀር ረገምኩ። ስጮህ አፌ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ይህን ያየው ሐኪም ፈገግ ብሎ ምን እንደምል ምሳውን ጠየቀው።

«እግዜር ይስጥልኝ ነው የምትለው» አለው።

ከአማርኛ ይህቺን አንዲት ነገር አውቃት ነበር። ሐኪሙ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።