የተፈታው ክላክስ

ባሌ ቤት መዋል በጀመረ በአሥረኛው ቀን ወጥ ቤቴን መናኸሪያ አደረገው። ድስቶቹን እንደ ቁመታቸው አሰልፎ፣ ክዳኖቹን ለብቻ አደራጅቶ፣ በመካከላቸው መተላለፊያ ትቶ ሲጨርስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «አሁን መግቢያና መውጫው ታወቀ» አለኝ። ጨው የት እንደገባ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ያሉት እሱን አይተው መሆን አለበት።

የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰው ሲያርፍ እሱ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ፣ በተለይ ደግሞ በዓል ሲደርስና ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ሲጎርፍ፣ መሪ ላይ ነው። በተጋባን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም በዓል አብረን ማዕድ ቀርበን አናውቅም። ጓደኞቹ «አይቆሜ» ይሉታል። ሕግ ካላስቆመው ወይም ተሳፋሪ ካልታመመበት በቀር ከተነሳበት እስከሚደርስበት ፍሬን መንካት የሚያመው ሰው ነው። እኔም ኑሮውን ለምጄው ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው። እሁድ ማለት ለእኔ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ የሰው ሳይሆን የራሴን ቀሚስ የምሰፋባት ቀን ነበረች።

ወረርሽኙ መጣና አውቶቡሶቹ ቆሙ። «ቤታችሁ ተቀመጡ» ተባለ፤ ባሌም መጥቶ እሁዴ ላይ ተቀመጠ። ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ መቼ ያውቅበታል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «ተነሱ፣ መነሻ ደርሷል» እያለ እኔንና የአሥር ዓመት ልጃችንን ይቀሰቅሰናል። ወዴት ነው የምንነሳው ስንለው ሰዓቱን ያሳየናል። ጫማችንን በር ላይ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድራል። ስሰፋ ከኋላዬ ቆሞ «ወደ ቀኝ እየሳበሽ ነው» ይለኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዓሉን አብሮኝ እንዲውል ስመኝ የኖርኩት እኔ መሆኔን እስክጠራጠር ድረስ አንገሸገሸኝ።

ይሄ ሁሉ እንኳ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው የአማቴ ነገር ነበር።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀው፣ ባሌ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸው አስፋልቱ ዳር፣ መታጠፊያው ጋ ነው። ባሌ በየበዓሉ ዋዜማ በዚያ ሲያልፍ ክላክስ ያደርጋል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ረጅሟ መጨረሻዋ ላይ ቁርጥ ትላለች፤ ለመታጠፍ ማርሽ ሲቀይር እጁን ስለሚያነሳ ነው። እርሳቸው በረንዳቸው ላይ ወጥተው ፎጣ ያውለበልባሉ። የእናትና የልጅ የበዓል ሰላምታ ይኸው ነው፤ አንድም ቀን ቆሞ ወርዶ አያውቅም። «ስልሳ ሰው ጭኜ፣ ስልሳ እናት እየጠበቀች፣ ለራሴ እናት እንዴት ብዬ ልቁም?» ይለኛል ስጠይቀው።

መንገዱ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት፣ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አማቴ ዘንድ ወሬ ደረሰ፤ አንድ የረጅም መንገድ ሹፌር በበሽታው ሞተ የሚል። ስሙ አልተነገረም። ለእናት ደግሞ ስሙ ያልተነገረ ሁሉ የራሷ ልጅ ነው። ባሌ ወዲያው ደወለላቸው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ።»

«አንተ ታናሹ ነህ» አሉት። «ወንድምህን የት አደረሳችሁት?»

እሱና ታናሽ ወንድሙ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በስልክ እኔም ተሸውጄ አውቃለሁ። የአማቴ ስልክ ደግሞ ከመደወልና ከማንሳት በቀር ሌላ የማያውቅ አሮጌ ነው፤ ፊት አያሳይም። ዋናው ጥፋት ግን የራሳቸው የልጆቹ ነው። አባታቸው ሆስፒታል ያረፉ ጊዜ፣ እናታችን ይደነግጣሉ ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልክ «እየተሻለው ነው» ሲሏቸው ከርመዋል። ከዚያ ወዲህ አማቴ በስልክ የሚነገር ደህንነት አያምኑም። ማን ቢምልላቸው፣ ማን ቢገዘትላቸው እምቢ አሉ። ምግብ በር ላይ የምታስቀምጥላቸው ጎረቤት ሳህኑ እንዳለ እየተመለሰ መሆኑን ነገረችን። በመጨረሻ በእሷው በኩል ቃላቸውን ላኩብን።

«ለበዓሉ ዋዜማ ክላክሱን ከሰማሁ እበላለሁ። ካልሰማሁ ለቅሶዬን እቀመጣለሁ።»

ባሌ ያን ቀን ጫማ አልደረደረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ሳየው አንጀቴን በላው፤ የድስቶቼንም ነገር ተውኩለት። በማግስቱ ግን ፊቱ በርቶ ተነሳ።

«ዝሆኔ ያልፋል» አለኝ።

ዝሆኔ የልብ ጓደኛው ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ዱቄትና መድኃኒት የሚጭን መኪና፣ ከሹፌሩ በቀር ሰው እስካልጫነ ድረስ፣ ማለፍ ይፈቀድለታል።

«የዝሆኔ ክላክስ እኮ እንደ ጥጃ ነው የሚጮኸው» አልኩት። «እናትህ የሚሸወዱ ይመስልሃል?»

«ለዚህ ነዋ የእኔን የማስፈታው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ክላክሱ ባሌ ራሱ ገዝቶ ያስገጠመው ነው። አለቃው በስልክ ፈቀደ፣ የጋራዡ መካኒክ ከቆመው አውቶቡስ ላይ ፈትቶ ዝሆኔ መኪና ላይ ገጠመው። የቀረው ልምምዱ ነበር። ሦስት ቀን በተከታታይ ከምሳ በኋላ ዝሆኔ በስልክ በአፉ ጡጥ ጡጥ ሲል እኛ ሦስታችን ስልኩን ከበን እንሰማለን። ልጄ በድስት ክዳን ልኩን እየመታች ታሳየዋለች።

«ጋሼ ዝሆኔ፣ ሦስተኛዋን አስረዘምካት። ከአሥር ሰባት ነው የምሰጥህ።»

«ማርሹን እያሰብክ» ይላል ባሌ። «ማርሹን ካሰብክ ራሷ ትቆረጣለች።»

እኔ እንኳ ድስት እያማሰልኩ በአፌ ጡጥ ማለት ጀመርኩ። እንዲህ በጉጉት የጠበቅኩት በዓል ትዝ አይለኝም፤ ሠርጌንም ጨምሮ። የዋዜማው ዕለት ጠዋት የትም ለማልሄድበት ቀን አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ። ባሌ የሥራ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ። ስልኩን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጠን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትነው።

«ስልኩን ደረት ኪስህ ክተተውና እጅህ መሪ ላይ ይሁን» አለው ባሌ።

«ከትቻለሁ። ድልድዩን አለፍኩ።»

ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። እግሩ ምንጣፉ ላይ ፍሬን ይፈልጋል። «አሁን ትምህርት ቤቱ፣ አሁን የውኃው ታንከር፣ አሁን…»

ሁለት አጭር። አንድ ረጅም፣ ጫፏ ላይ ቁርጥ ያለች። ክላክሱ ቤታችንን ሞላው። ልጄ «አሥር ከአሥር» ብላ ሶፋው ላይ ዘለለች፣ ባሌ እኔን አቀፈኝ። ዝሆኔ መኪናውን ዳር አስይዞ ሲወርድ፣ በሩ ሲዘጋ ሰማን።

«ወጥተዋል» አለን በሹክሹክታ። «ፎጣውን ይዘዋል። ግን አያውለበልቡም።»

ከዚያ የአማቴ ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«ክላክሱ የልጄ ነው። መኪናው የልጄ አይደለም። ፈታችሁት? ባለቤቱ አያስፈልገውም ብላችሁ ፈታችሁት?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛን ነው። ሦስት ቀን ስንለማመድ ይሄ ለአንዳችንም አልታየንም። ዝሆኔ ማስኩን እንዳደረገ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ፣ እንደ እርሳቸው ስልክ ፊት የማያሳየውን አሮጌ ስልኩን ወደ እርሳቸው ዘረጋ። ባሌ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ጮኸ። «ዝም በል፣ አንተ ታናሽ» አሉት እያለቀሱ። ደግሞ ጮኸ፤ እርሳቸውም ባሰባቸው። ባሌ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሆኖ ሳየው ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ በሁሉም ላይ። ስልኩን ነጠቅኩት።

«እማማ፣ ምራትዎ ነኝ። ልጅዎ አልሞተም። ቢሞትማ ድስቶቼ ቦታቸው ላይ በተገኙ ነበር። ጨዌን ደብቆብኛል፤ አሁን የት እንዳደረገው ራሱም ረስቶታል። ጎህ ሲቀድ ለማንሄደው መንገድ ይቀሰቅሰናል። መታጠቢያ ቤት ስገባ ‹ስንት ደቂቃ ትቆያለሽ?› ይለኛል። ትናንት ደግሞ ‹ዘይቷን ልቀይርልሽ› ብሎ ስፌት መኪናዬ ላይ የሞተር ዘይት አፍስሶ የደንበኛዬን ነጭ ቀሚስ አጥቁሮብኛል።»

«እሱን እንኳ ባትናገሪ» አለ ባሌ ከወለሉ ላይ።

«እናገራለሁ። እማማ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዓሉን አብሮኝ ይዋል ብዬ ለመንኩ። ይኸው ዋለ። አሁን የምለምነው መንገዱ እንዲከፈት ነው። ሲከፈት እርስዎ ይውሰዱልኝና አንድ ወር ልረፍበት።»

አማቴን በዕድሜዬ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ቀስ ብሎ የጀመረ፣ እየጨመረ የሄደ ድምፅ ሰማሁ፤ ለቅሶ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው።

«አለ» አሉ አማቴ። «ልጄ አለ። ሙት እኮ ሁሉም ደግ ነው፣ የኔ ልጅ። አባቱ ካረፈ ጀምሮ አንድ ጥፋት ላወራለት ብፈልግ አጥቼበታለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት እንዲህ አትማረርም።»

ባሌ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ስልኩን ተቀበለኝ።

«እማዬ።»

«የሞተር ዘይት፣ አንተ ጅል? እንዲያው ምን ነካህ?»

«ልረዳት ብዬ ነው እኮ።»

«በል አሁን ልብላበት፤ ርቦኛል። ይሄን ትልቅ ሰውዬ ግን ክላክሱን ይፍታልኝ በለው።»

«ለምን?»

«እኔ ጋ ይቀመጣላ።»

«እማዬ፣ መንገድ ሲከፈት ያለ ክላክስ ምን ልሆን ነው?»

«መጥተህ ትወስዳለሃ። ቆመህ፣ ወርደህ፣ ቁጭ ብለህ በልተህ። ለስልሳ ሰው ስትሮጥ ስንት ዘመን ፎጣ አውለብልቤልሃለሁ፤ ክንዴ ደክሟል።»

ዝሆኔ መፍቻውን ሊያመጣ ሲሄድ እግሩ ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አይቆሜ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። የሦስታችንን ጫማ አንድ በአንድ አነሳና አፋቸውን ወደ ውጭ አዙሮ፣ የእኔን ፊት፣ የልጃችንን መሐል፣ የራሱን ኋላ አድርጎ ደረደረ። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር ሳልናገረው አላልፍም ነበር። ያን ቀን ግን አጠገቡ ቁጭ አልኩና፣ ትንሽ የተጣመመችውን የግራ ጫማዬን አቃናሁለት።