የወካዩ ቤተሰብ ልጅ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኢኮኖሚክስ ምሁሩ የፕሮፌሰር ልሳነወርቅ "ወካይ ቤተሰብ" ቢሯቸው ድረስ መጣ። ባልና ሚስት ናቸው። ፕሮፌሰሩ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለዶክትሬት ጥናታቸው በሒሳብ የፈጠሯቸው፣ የአገሩን ቤተሰብ ሁሉ ይወክላሉ ተብለው በአሥራ ሰባት ጥናቶችና በስንት ተማሪ ደብተር ውስጥ የኖሩ ናቸው። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ፕሮፌሰሩ ክው አሉ። ያም ሆኖ ደንብ አዋቂ ናቸውና ወንበር ሳቡላቸው። ስንት ወሯ እንደሆነ ሲጠይቋት ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፋት ነገረቻቸው።

"የሕዝብ ዕድገት ዜሮ ነው ብለው ጻፉ" አለች። "ስሌቱ እንዲቀልልዎ።"

እውነቷን ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ ሦስተኛው ታሳቢ። ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ነበር የቀራቸው፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብለው አለፉት። ከዚያ ማስተማሩ መጣ፣ ማዕረጉ መጣ፣ ሁሉም እዚያች ዜሮ ላይ ተገነባ። አሁን እሷን መንካት ዕድሜያቸውን መናድ ነው።

ሴትየዋ ግን ምጧ መጥቶ ነበር። ዜሮው ካልተቀየረ አንድ ሲወለድ አንድ መጉደል አለበት። ይህን ባልየው አስቀድሞ አስልቶታል። ኮቱን አውልቆ አጣጠፈና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

"አንዷን ቁጥር ብቻ ይቀይሩልን" አለ።

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶ አነሱ። አራተኛው ሠንጠረዥ ምን እንደሚሆን አሰቡ፣ በዚያው ሠንጠረዥ ሠርተው የተመረቁ ተማሪዎችንም አሰቡ።

"እስቲ እስከ ሐሙስ ታገሱኝ" አሉ። "ባልደረቦቼን ላማክር።"

ሴትየዋ ጥርሷን ነክሳ አማጠች። መጀመሪያ የባልየው ጫማ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ ሱሪው ሟሸሸ፤ ፊቱ መጨረሻ ላይ ሄደ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ወንበሩ ላይ ልብስ ብቻ ነበር።

ፕሮፌሰሩ በድንጋጤ ደርቀው ቀሩ። ነፍሳቸው ስትመለስ ዜሮዋን ሰርዘው ሁለት በመቶ ብለው ጻፉ። ወንበሩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

"አሁን ለማን ነው?" አለች ሴትየዋ። ልጇን በኮቱ ጠቅልላ ወጣች።

እንድትመለስ ሊለምኗት ወደ መስኮቱ ሮጡ። ግቢው፣ ከበሩ ማዶ ያለው ዋና መንገድ፣ ድልድዩ፣ ዓይናቸው እስከደረሰበት ድረስ በዚችው ሴት ተሞልቷል። ያው ፊት፣ ያው ሰማያዊ ሹራብ። እያንዳንዷ በወንድ ኮት የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን ትሄዳለች።