እንቅስቃሴ አልታየም

ሰዓት ሠሪው ስልኩ ላይ የመጣውን መልእክት መጀመሪያ በባዶ ዓይኑ፣ ቀጥሎ በመነጽሩ፣ በመጨረሻም የሰዓት ጥርሶችን በሚያይበት ማጉያ አነበበው። ፊደሎቹ ተለቁ እንጂ ነገሩ አልጠራለትም። «ተጠሪ በሆኑለት አካውንት ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም እንቅስቃሴ አልታየም። እስከ ወሩ መጨረሻ እንቅስቃሴ ካልታየ አካውንቱ ከነሙሉ ይዘቱ ይሰረዛል» ይላል። ከላዩ የሚስቱ ስም ተጽፏል።

እንቅስቃሴ ከየት ይምጣ? ሚስቱ ካረፈች ሁለተኛው ዓመት እየተጋመሰ ነው። ለአፍታ ሰው የቀለደበት መሰለው።

ሚስቱ የሕፃናት መምህርት ነበረች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ እንዳይረሷት ተረት እየተረከች በስልኳ ትቀዳና ለወላጆች ትልክላቸው ነበር። ተረቶቹን ሰዓት ሠሪው ያኔም አሁንም ብዙ አይወዳቸውም፤ ጥንቸሏ ሁልጊዜ ታሸንፋለች። እሱ የሚወደው ጭራቸውን ነው። መምህርቷ ተረቱን ጨርሳ መቅጃውን ማጥፋት ትረሳለች። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የቤቱ ድምፅ ነው፤ ወንበር ሲጎተት፣ ቧንቧ ሲከፈት፣ እሷ ለብቻዋ ስታጉረመርም፣ እሱን ስትጠራው። ለወላጆች የምትልከውን ጭራውን ቆርጣ ነው፤ ሙሉው እሷ ዘንድ ይቀራል። ካረፈች ወዲህ አንዱንም አልከፈተም። መኖራቸውን ማወቁ ይበቃው ነበር። ስልኳን ሳይከፍት በየሳምንቱ ቻርጅ ያደርጋል፣ መስታወቱን የሰዓት ገጽ በሚያጸዳበት ጨርቅ ይወለውላል፣ መልሶ መሳቢያ ውስጥ ያስተኛዋል።

ስለዚህ ቃሉን እንደ ሙያው ተረጎመው። ባትሪ የሌላቸው፣ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞሉ ሰዓቶች አሉ። ባለቤታቸው አውልቆ ካስቀመጣቸው ጥቂት ቆይተው ቀጥ ይላሉ፤ ክንድ ላይ ሲመለሱ ነፍስ ይዘራሉ። ስልኩም እንደዚያው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ኖረ፤ አልተንቀሳቀሰም፤ ኩባንያው ደግሞ አየ። እንዴት እንዳየ አይገባውም፤ የዛሬ ስልክ የማያየው ነገር የለም ሲባል ግን ሰምቷል። ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ተሰማው። እኔው አስተኝቼ እኔው ላስገድለው ነው አለ በሆዱ።

በማግስቱ የሚስቱን ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ አውቶቡሱን ትቶ በእግሩ ወደ ሥራ ሄደ። ሊፍቱ እየሠራ በደረጃ ወጣ፤ ዕቃ የረሳ ሰው መስሎ መልሶ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ጉልበቱ ሲያስቸግረው ሌላ ዘዴ መጣለት። የጠገናቸው ሰዓቶች ሳይቆሙ መዋላቸውን የሚፈትሽበት፣ ቀስ እያለ የሚዞር ማሽን አለው። ስልኩን በላስቲክ አስሮ ከሰዓቶቹ መሃል ሰቀለው። ስልኩ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መዞር ጀመረ።

በመስታወት ብቻ የሚለየው ጎረቤቱ ቁልፍ ቀራጩ ነው። ወጣት ነው፤ አፉ ሥራ አይፈታም።

«ጋሼ፣ ስልኩ ዞረበት እንዴ?»

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ሳያቀና እንቅስቃሴ እያሳየ መሆኑን ነገረው። ለማን እንደሆነ ቢጠይቀው ለኩባንያው አለው። ቁልፍ ቀራጩ መሳቅ ጀመረና ሳቁን ሳይጨርስ ተወው። ከሰዓት በኋላ ግን መስታወቱን ኳ ኳ አድርጎ የራሱን ስልክ አሳየው።

«እኔ እንኳን ኪሴ ነው የምይዘው። ግን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ይበቃው ይመስልዎታል?»

ሰዓት ሠሪው አሰበበትና በእግር ቢመላለስ እንደማይጎዳው መከረው።  የሚያስረዳቸው ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ ቢኖርም ሰዓት ሠሪው አይጠይቅም ነበር። ስለ ሚስቱ መጠየቅ ያለበት እየመሰለው ምንም ጥያቄ አፉ ላይ አይመጣለትም።

ማሽኑ ሲዞር ሰነበተ። ከዚያ ያው መልእክት ደግሞ መጣ፤ በዚህኛው ላይ «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» የሚል ተጨምሮበታል።  ምናልባት ያዞረው ወደ ግራ ስለሆነ ይሆን? አንዳንድ ሰዓት በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሞላው። አቅጣጫውን ቀይሮ ቆሞ ሲጠብቅ ነው ልጁ ምሳ ይዛለት የገባችው።

ልጁ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገርን ከሥሩ ሳታይ የማትናገር ሴት ናት። የእናቷን ስልክ ከሰዓቶቹ ጋር ሲሽከረከር አይታ የምሳውን ዕቃ እንደያዘች ቀረች። ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው። መልእክቱን ሰጣት። አንብባ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፣ ፊቱን ስታይ ዘጋችው። እንቅስቃሴ ማለት መነቅነቅ እንዳልሆነ፣ መግባት እንደሆነ ነገረችው። ሰው አካውንቱ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ቢያነብ፣ ቢልክ፣ ቢከፍት፣ ባለቤት አለው ተብሎ ይተዋል፤ ዝም ካለ ግን ማንም የለም ተብሎ ይጠረጋል። ደብዳቤ ብቻ ቢደርስበትም አይቆጠርም፤ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

«ታዲያ እንግባ» አለ ሰውየው። «ስልኩ ይኸው።»

«አካውንቱ ስልኩ ውስጥ አይደለም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ስልኩ ውስጥ ምን አለ?»

ልጁ ላስቲኩን ፈትታ ስልኩን ከፈተችው። «እንኳን ደህና መጡ። ቋንቋ ይምረጡ» አለ፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ያኔ ሰዓት ሠሪው አንድ ነገር ትዝ አለው። አምና ባትሪው አብጦ ለስልክ ጠጋኙ ሰጥቶት ነበር። ጠጋኙ ሲመልስለት «አጽድቼልዎታለሁ» ብሎታል። እሱም መስታወቱን መስሎት እጅ ነስቶ አመስግኖ ነው የወጣው። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲወለውልና ሲያስተኛ የኖረው ባዶ ዕቃ ነው።

ልጁ ይህን አላወራችበትም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእናቷን ስልክ ከራሷ ኢንተርኔት አገናኝታ የይለፍ ቃሉን ትገምት ጀመር። የትምህርት ቤቱን ስም ሞከረች፣ አልሆነም። የአባቷን የልደት ቀን ሞከረች፣ አልሆነም። የራሷን ስም ሞክራ አልሆን ሲላት ትንሽ ቅር ያላት መሰለ፤ እናቷ ምስጢር ውስጥ ለራሷም አንድ ጥግ ጠብቃ ነበር። በመጨረሻ ስልኩ ራሱ መንገድ አሳያቸው፤ መግቢያ ኮድ በእናቷ ስልክ ቁጥር ልላክ ብሎ ጠየቀ። ልጁ እሺ የሚለውን ነክታ ከጨረሰች በኋላ ነው የደነገጠችው።

«የእማዬ መስመር ይሠራል?»

እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው አላት። ቀና አድርጋ አሳየችው፤ አገልግሎት የለም ይላል። መስመሩም አልተንቀሳቀሰም ነበርና ተዘግቷል። ሰዓት ሠሪው ይኼኛው ደግሞ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነ ሊጠይቅ ፈልጎ ተወው። የራሱን ስልክ አውጥቶ የሚስቱን ስም ፈልጎ ደወለ፤ ለምን እንደደወለ እሱም አያውቅም።

ጠራ።

ልጁና እሱ ተያዩ። ሲጠራ ሲጠራ ቆይቶ ተነሳ፤ ከጀርባ ማሽን እያጉረመረመ የማያውቁት የሴት ድምፅ «አቤት» አለ።

 ሴትየዋ ማን ልበል ስትል ልጁ ስልኩን ወሰደችና አሁን የደረሰ ኮድ እንዳለ በትሕትና ጠየቀች። ሴትየዋ ጨዋታውን አውቃዋለሁ አለች። ልጇ ማንም ደውሎ ኮድ ቢጠይቅሽ እንዳትሰጪ ብላ አስጠንቅቃታለች፤ ሌባው ደግሞ ዘንድሮ በትሕትና ነው የሚመጣው። ዘጋችው። ሴትየዋ ትክክል ናት አለች ልጁ፤ እሷም ብትሆን አትሰጥም።

 ቁልፍ ቀራጩ በመስታወቱ በኩል ሥራውን አቁሞ ያያቸዋል። ሰዓት ሠሪው ስልኩን ተቀብሎ ደግሞ ደወለ። ይህን ያህል የደፈረበትን ቀን አያስታውስም።

«እህቴ፣ አትዝጊው» አለ። «ሌባ አይደለሁም፤ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ይኼ ቁጥር የባለቤቴ ነበር።»

 ሴትየዋ ባለቤቱ መምህርት ነበረች ወይ ብላ ጠየቀች። ከየት እንዳወቀች ግራ ገብቶት አዎ አለ። ሴትየዋ ይኼን መስመር ካወጣች ጀምሮ ሰዎች እየደወሉ መምህርቷን እንደሚጠይቋት ነገረችው። ልብስ ማጠቢያ ነው የምትሠራው፤ እጇ በሳሙና ተዘፍቆ እያለ ይደውላሉ። ተሳስታችኋል ማለት ሰልችቷታል። አንዴ አንዲት እናት ልጇን አቀረበችላትና ሕፃኑ ተረት ካልነገርሽኝ ብሎ አለቀሰባት።

«እኔ ተረት አላውቅ» አለች ሴትየዋ። «ቁጥር ቀይራ እንዳትነግራቸው ምን አስጨከናት ብዬ ስቀየማት ነው የኖርኩት። የት ሄዳ ነው?»

ሰዓት ሠሪው ሰው ሲጠይቀው «የለችም» ነበር የሚለው፤ ሰውም የለችምን እንደፈለገ ይተረጉመዋል። ዛሬ ግን የለችም ቢል ሴትየዋ መቼ ትመለሳለች ትለው ይሆናል።

«ሞታለች» አለ።

ልጁ ፊቷን ወደ ግድግዳው ሰዓቶች አዞረች። 

«እንግዲያው ኮዱ የሷ ነው» አለች ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የኔ አይደለም። ቆይ እጄን ላድርቅ።»

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበችለት፤ እሱ እየደገመ ለልጁ ነገራት። ልጁ ስታስገባው ጊዜው አልፎበታል ተባለ። ሌላ ተላከ፤ ሴትየዋ እንዳትዘጉ ብላ እሱንም አነበበች። ከዚያ ስልኩ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ። የሚስቱን ስም ጠርቶ «እርስዎ ነዎት?» አለ። ከሥሩ ሁለት መልስ አለ፤ «አዎ፣ እኔ ነኝ» እና «አይ፣ እኔ አይደለሁም»።

ሰዓት ሠሪው ጣቱን ወደ ሁለተኛው ወሰደ። ልጁ ከአየር ላይ እጁን ያዘችው።

«ይዘጋብናል፣ አባዬ።»

«እኔ እኮ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ግን አዎ ካላልን አይከፍትም።»

«እሷ ነኝ ልበል?»

 ወኪል የሚል ሦስተኛ መልስ የለ፤ ባል የሚልም የለ። ሰዓት ሠሪው በሕይወቱ ያልሠራውን ሰዓት ሠርቻለሁ ብሎ አያውቅም። አሁን በገዛ ልጁ ፊት በሚስቱ ስም ሊምል ነው። ስልኩ ይጠብቃል፤ ሴትየዋም መስመሩ ላይ ናት፣ ትንፋሿ ይሰማል። ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን አሳረፈ። ዓይኑን የገለጠው ልጁ «ገባን» ስትለው ነው።

ሁሉም አለ። ተረቶቹ በተርታ ተደርድረዋል፤ ልጁ አንዱን እንዲከፍት፣ መክፈትም እንቅስቃሴ እንደሆነ ነገረችው። የትኛውን እንደሚከፍት ግራ ሲገባው ያገኘውን ነካ። ጥንቸሏ እንደልማዷ አሸነፈች። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ወንበር ተጎተተ፤ የሆነ ሳህን ከሌላው ጋር ተላተመ። ራቅ ብሎ በር ሲከፈት ተሰማ።

«መጣህ?» አለች መምህርቷ።

«አዎ» አለ ሰዓት ሠሪው።

ልጁ የአባቷን «አዎ» ሁለት ጊዜ ነው የሰማችው፤ አንዱ ከስልኩ፣ አንዱ ከአጠገቧ። የቱ እንደቀደመ ግን ልትለየው አልቻለችም።