በእህት አባንግ ግቢ የተጀመረ ሶሎ

ጥዑመልሳን ወደ ጋምቤላ የሄደው ለአንድ ዓመት ብሎ ነበር። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ባለ ክሊኒክ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ተቀጥሮ ሳምንቱን እዚያው ያሳልፍና፣ ዓርብ ከሰዓት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ኢታንግን አልፎ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ወደተከራያት ክፍል ይመለሳል። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወው። ዛሬ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ሰዎች ስለ ጋምቤላ ሲጠይቁት ስለ ወባውና ስለ ሙቀቱ ነው የሚጠይቁት። እሱ ግን ጋምቤላ ሲባል ፊቱ የሚመጣው አንድ የማንጎ ጥላ፣ የፕላስቲክ ወንበርና እህት አባንግ ናት።

የሚጫወትበትን ጊታር የሰጠው ውሉ አልቆ ወደ አገሩ የሚመለስ ኬንያዊ ባልደረባው ነው። "እማራለሁ እያልኩ አቧራ አስጠጣሁት፤ አንተ ሞክረው" ብሎ አልጋው ላይ ጥሎለት ሄደ። ጥዑመልሳን ቅዳሜና እሑድ ኔትወርክ ሲኖር ከስልኩ ላይ እያየ ኮርዶቹን ለመደ። የጣቶቹ ጫፍ መጀመሪያ ቆሰለ፣ ኋላ ደነደነ። የግቢው ተከራዮችም መጀመሪያ ተማረሩ፣ ኋላ ለመዱት።

አንድ ቅዳሜ ኛዱዎፕ የምትባል የክሊኒኩ ነርስ ሰርግ ላይ ተጠርቶ ባሮ ወንዝ ዳር ወዳለ የሆቴል አትክልት ቦታ ሄደ። እንግዳው ምሳ ሲበላ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ባንድ ይጫወት ነበር። ጊታሩን የያዘችው መነጽር ያደረገች፣ ወደ ስድሳ የሚጠጋት አኙዋክ ሴት ናት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የመዝሙር ዜማ ቀስ ብላ ተጫወተችና፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ዜማውን ትታው ሄደች። ጥዑመልሳን መጀመሪያ የተሳሳተች መሰለው። ቤዙና ድራሙ ግን አልተደናገጡም፤ እንዲያውም ድራም መቺው ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ጥያቄ የሚመስል ነገር ትጫወትና ዝም ትላለች፤ ከዚያ ራሷ ትመልሳለች፤ ወጣ ትላለች፣ ትወርዳለች፤ መጨረሻ ላይ ከምንም ተነስታ ያንኑ መዝሙር ከመሐሉ አንስታ ቀጠለች። ጥዑመልሳን ሳህኑን ይዞ እንደቆመ ምግቡ ቀዘቀዘ።

ባንዱ ሲያርፍ ሄዶ ሰላም አላት። አባንግ ትባላለች፤ ከተማው "እህት አባንግ" ይላታል። ከአንድ የክልል ቢሮ በጸሐፊነት ጡረታ ወጥታለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ትጫወታለች። ቤዙን የሚጫወተው ጃል ወንድሟ ነው። በወጣትነቷ በስደት ናይሮቢ ስትኖር ቀን የጽሕፈት ሥራ እየተማረች፣ ማታ አንድ ሆቴል የሚጫወት ኮንጎዋዊ ጃዝ አስተምሯታል።

"እኔንም ቢያስተምሩኝ?" አላት።

"ኮርድ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ቅዳሜ ና። እርስዎ ግን ተው። እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።"

ቤቷ ከመሐል ከተማው ወደ ባሮ ሲወረድ ነው። ትምህርቱ ግቢዋ ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ይጀምራል። እሷ አንድ ወንበር ላይ ኮርዶቹን እየደጋገመች ታዞራለች፤ እሱ በዚያ ላይ ሶሎ ይጫወታል። ማለትም፣ ይሞክራል። ስኬሉን፣ የኖታዎቹን መሰላል፣ ጠንቅቆ አጥንቶ ስለነበር ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ያለ ስህተት ይሮጥበት ነበር።

"ደረጃ ትወጣለህ፣ ደረጃ ትወርዳለህ" አለችው አንድ ቀን። "ቤቱ ውስጥ ግን አልገባህም።"

በሚቀጥለው ሳምንት ኩሌ በነበረባቸው ቀናት ከስልኩ ላይ የአንድ ፈረንጅን ሶሎ ኖታ በኖታ ሸምድዶ መጣ። አንድም ሳያጎድል ተጫወተላት። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ቆንጆ ነው። የማን ነው?"

"ከኢንተርኔት ነው።"

"አሁን የአንተን አሰማኝ።"

ጣቱን ክሩ ላይ አደረገ። ኮርዱ ዞሮ መጣ፣ ደግሞ ዞሮ መጣ። ምንም አልመጣለትም። ጎረቤት ቤት አንድ ሰው ቆርቆሮ ይመታ ነበር፤ እሱን ሲሰማ ቆየ። አባንግ መጫወቷን አቁማ ውኃ አመጣችለት።

"አባትህ ምን ይሠራሉ?" አለችው፣ የሚያወሩት ነገር ለመስጠት ያህል።

"መሪጌታ ናቸው። የቅኔ መምህር።"

እሷ ጴንጤ ስለሆነች ቅኔ ምን እንደሆነ አላወቀችም። አስረዳት። ሲያስረዳት ዓመታት ያላሰበው ነገር ሁሉ ተከታትሎ መጣ። አባቱ መሪጌታ ወንዳፈረው ጎጃም ውስጥ በአንዲት ገጠር ደብር ያስተምራሉ። ስሙንም ጥዑመ ልሳን ያሉት አንደበቱ እንዲጣፍጥ ተመኝተው ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች "የኔታ" ሲላቸው አድጎ እስከ ዛሬ ሌላ መጠሪያ አላገኘላቸውም። ጠዋት ምስጢሩን ይነግሯቸዋል፤ ተማሪው በየዛፉ ሥር ተበትኖ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ማታ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። ጀማሪው የሚይዘው ከሁሉ አጭሩን፣ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው። ልኩ ይታወቃል፣ ዜማው ይታወቃል፣ ቃሉ ግን በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ይዞ የመጣ ተማሪ ይሳቅበታል። እሱ ገና ጉባኤ ቃና ላይ እያለ ወደ አስኳላ ትምህርት ቤት ሄደ። አባቱ አልከለከሉትም፤ አልመረቁትምም።

አባንግ አዳመጠችው።

"እና እዚህ መጥተህ አልችልም ትለኛለህ?" አለችው። ጊታሩን አንስታ ሰጠችው። "ሦስት ኖታ ብቻ ምረጥ። አጭር ነገር ተናገር። ዝም በል። ከዚያ መልሰው። ሌላ ምንም እንዳትነካ።"

በዚያን ቀን የተጫወተው ነገር ሰው ፊት የሚቀርብ አልነበረም። ግን የራሱ ነበር። ወደ ኒውላንድ ሲመለስ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ሲያንጎራጉር ሹፌሩ በመስታወት ያየው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቱ ከሁሉ የሚናፍቀው ነው። ዓርብ ከኩሌ ሲመለስ መኪናው መስኮት ላይ ተደግፎ እንደ ጉባኤ ቃናው ሁለት ሁለት ቤት ዜማ በልቡ ያወጣል። ቅዳሜ ማንጎው ሥር ይዞት ይሄዳል። ጃል አንዳንዴ ቤዙን ይዞ ይመጣና ያጅባቸዋል፤ ሳያወራ መጥቶ ሳያወራ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ከቤት ያለውን ቶም ያወጣል። በአውራ ጣት የሚመታ፣ እንጨት ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶች ያሉት የአኙዋክ መሣሪያ ነው። አንዷን አጭር ዜማ ይደጋግማታል፤ እሷ ላይ ጥዑመልሳን በጊታር ይጨምራል። ማንጎ ሲበስል የቤቱ ቆርቆሮ ላይ እየወደቀ ያስደነግጣቸዋል። እሱ ሲሳሳት አባንግ አትቆጣም። "የሳትከውን ደግመህ ተጫወተው፤ አውቀህ ያደረግከው ይመስላል" ትለዋለች። ኖታው እውነትም ሁለተኛ ሲሰማ ይሻላል።

የእህቷ ልጅ አንጀሊና ልታገባ ስትል አባንግ "አንድ ዜማ ላይ ትገባለህ" አለችው። ሰርጉ ያው ባሮ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ጥዑመልሳን እሺ ካለ በኋላ እንቅልፍ አጣ። እሑድ አባቱ ዘንድ ደወለ። በየሳምንቱ ይደውላል፤ ስለ ዝናብና ስለ ጤና ተባብለው ነው የሚለያዩት።

"የኔታ፣ ጊታር እየተማርኩ ነው።"

አባቱ ጠየቁት። "ለዘፈን ነው?"

"ቃል የለውም። ዜማው ይሰጣል፤ በእሱ ላይ ተጫዋቹ የራሱን ያወጣል።"

"አስቀድሞ ተጽፎ?"

"አይደለም። እዚያው ቆመው ነው የሚያወጡት። እኔ ግን ቅዳሜ ሰርግ ላይ ስለምጫወት ፈርቼ አስቀድሜ አዘጋጅቻለሁ።"

"መቁጠር ለመዘጋጀት ነው" አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ተማሪ ፊት እንደተቀመጡ ያህል ተስተካከለ። "ማኅሌት ላይ ስትቆም የቆጠርከውን ትተወዋለህ። ይዘኸው ከገባህ እሱን ስትፈልግ የሚመጣልህ ያልፍሃል።"

ምክሩን ሰማ እንጂ አልተቀበለም። ያዘጋጀውን ሶሎ ሳምንቱን ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ የወባ ስላይድ እያየ ሳይቀር በልቡ ደገመው።

የሰርጉ ዕለት አትክልት ቦታው በሰው ሞልቷል። ድራም መቺው በረከት፣ ሰው መጨፈር ሲጀምር አይቶ ዜማውን ከለመዱት አፍጥኖ ያዘው። አባንግ በአገጯ ጠቆመችው፣ ጥዑመልሳን ገባ። የመጀመሪያው የዜማ ሐረግ በትክክል ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጣቱ ዘገየ፤ ሦስተኛው ጭራሽ ጠፋው። ቀጣዩን ሲፈልግ ኮርዱ ጥሎት ሄደ። እጁን ከክሩ ላይ አነሳ።

ባንዱ አልቆመም። አባንግ አላየችውም፤ ኮርዶቿን ዝም ብላ ታዞራለች። ጃልም ዞር አላለም። ጥዑመልሳን የሚጫወተው ነገር ስለሌለው እነሱን ሰማ። የጃል ቤዝ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ቆም እንደሚል አስተዋለ፤ እስከዚያ ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። እዚያች ክፍተት ውስጥ አንዲት አጭር ነገር ጣለ። ጠበቀ። ክፍተቷ ስትመለስ መልስ የሚመስል ነገር ጨመረ። አንዷ ኖታ ሳተች፤ ደገማት። በረከት ከበሮው ላይ ተቀበለው። የሙሽራው አክስት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ትከሻቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደተጫወተ በደንብ አያስታውስም። ሲጨርስ ጥቂት ሰው አጨበጨበ፤ አብዛኛው ይጨፍር ወይም ዓሣውን ይበላ ነበር።

"መጀመሪያ የተጫወትከው የማን ነበር?" አለችው አባንግ፣ ዕቃ ሲሰበስቡ።

"የተዘጋጀ ነበር።"

"አወቅኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥሩ ነው። መጨረሻው ረዘመ።"

በማግስቱ አባቱ ራሳቸው ደወሉ። ከዚያ በፊት ደውለውለት አያውቁም። "እስቲ የትናንቱን አሰማኝ" አሉት።

"የትናንቱ ሄዷል፣ የኔታ። ሌላ ላምጣ።"

ስልኩን ወንበር ላይ አስቀምጦ ተጫወተላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያነሳው ትንፋሻቸው ይሰማል።

"አነሣሡ ጥሩ ነው" አሉ። "መጨረሻው ላይ ቤት አልመታም።"

ይህን ሲሉ ይስቁ እንደነበረ ጥዑመልሳን እስከ ዛሬ ይምላል። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስለ ዝናብ ማውራት ቀረ፤ እሱ ይጫወታል፣ እሳቸው ያርማሉ። ስለ ጃዝ ምንም አያውቁም፤ የት እንደቸኮለ፣ የት ያለ ምክንያት እንደደገመ ግን አይስቱም። እንዲህ ሆነው ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው መስከረም ላይ መሪጌታ ታመሙና ሳይቆዩ አረፉ። ጥዑመልሳን ለቀብር ሄዶ ሲመለስ እናቱ ብቻቸውን መቅረታቸውን አሰበ፤ ዝውውር ጠየቀ፣ ባሕር ዳር ደረሰው። አባንግ ስንብቱን አላበዛችውም። የአውቶቡስ ምሳ ቋጠረችለት፤ የጊታር ክር ከናይሮቢ የሚያመጣላት ሰው ስላለ አንድ ጥቅል አብራ ጨመረችለት።

ባሕር ዳር ጥሩ ከተማ ነው። ሐይቁ አለ፣ አብረውት የሚጫወቱ ሁለት ልጆችም አግኝቷል። ግን የካቲት ሲገባ፣ አየሩ ሲሞቅ፣ ሰውነቱ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ላቡ ጀርባው ላይ እስኪወርድ፣ የማንጎ አበባ እስኪሸት፣ ጃል ያለ ሰላምታ በር እስኪከፍት። ባሕር ዳር ከመጣ በኋላ ያገባት ሚስቱ ሊና መምህር ናት። ስለዚያ ግቢ ብዙ ጊዜ ሰምታ "እንሂድና እንየው" አለችው። ባለፈው የዓመት ፈቃዱ ተነስተው ሄዱ።

አባንግ ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያቀፈችው ሊናን ነው። ከተማው ብዙ ተሠርቷል፣ ጃል ጉልበቱን ታሟል፣ ማንጎው ግን እንዳለ ነው። ትንሽ ከተጨዋወቱ በኋላ አባንግ ጊታሯን አምጥታ ለጥዑመልሳን ትሰጣለች ሲባል ሊና ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ አልችልም፣ እህት አባንግ" አለች ሊና እየሳቀች። "ነክቼም አላውቅም።"

"ማን ቻይ ብሎሻል? ያዢው። ግራ እጅሽን ወዲህ አምጪ።"

ጥዑመልሳን እሱ ካለ ሊና እንደምታፍር ስላወቀ ለእራት የሚሆን ዓሣ ልግዛ ብሎ ወጣ። ገበያው ድረስ በእግሩ ሄደ፤ የሚያውቁት ሰዎች መንገድ ላይ እያቆሙት ዘገየ። ሲመለስ ፀሐይዋ ወደ ባሮ ማዶ አዘንብላ ነበር። ከአጥሩ ውጪ የሊናን ጣት ሰማ፤ ያመነታል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይሞክራል። በሩን በቀስታ ከፍቶ ገባ። ሁለቱም አላዩትም። ዓሣውን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ጀመር።